ብሎኑ ረዝሞ ነው ያሞኘኝ

ስለ ሊቲየም ባትሪ አስተሳሰር ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ተርሚናሉን (ኬብሉ የሚታሰርበትን ጫፍ) «የስቴንለስ ብሎን ተጠቅማችሁ በደንብ አጥብቁ» ብሎ አልፎታል። ስቴንለስ መሆኑ አይከፋም። ርዝመቱስ?

እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ መብራት ሲጠፋ ቤቱን የምይዘው በሊቲየም ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለቤት በሚለውጥ ኢንቨርተር ነው። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ከመርካቶ ገዝቼ አሰርኩ፣ ሁሉም ጥብቅ ያለ መሰለኝ፣ በኋላ ግን አንዱ ተርሚናል ከሙቀቱ የተነሳ በእጅ የማይነካ ሆኖ አገኘሁት። ስፈታው ብሎኑ ረዝሞ የጉድጓዱን ወለል ነክቶ ቆሟል፤ በኬብሉ ጫፍ ያለውን ቀለበት አልጨበጠውም። አጭር ከሆነ ደግሞ የተርሚናሉን የአሉሚኒየም ጥርስ ይበላዋል፣ ያኔ ሴሉ (ባትሪው ከተገጣጠመባቸው ክፍሎች አንዱ) ራሱ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ የጉድጓዱን ጥልቀት ለኩ፣ የቀለበቱንና የሮንዴላውን ውፍረት ደምሩበት፣ ከዚያ ትንሽ የሚያጥር ብሎን ግዙ።

ሌላው ሮንዴላ ነው። ቀለበቱ በቀጥታ ተርሚናሉ ላይ ይረፍ፣ ሮንዴላው ከላይ። ስቴንለስ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ መሃል ከገባ ሙቀት ይፈጥራል። 100 አምፔር በ1 ሚሊኦም ሲያልፍ 10 ዋት ሙቀት ነው፣ ያውም አንድ ነጥብ ላይ! ከማሰራችሁ በፊት ፊቱን በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ የኦክሳይድ ሽፋን ቶሎ ይሸፈናል።

ማጥበቂያውን በጉልበት አትገምቱ። እንዲህ ያለ ተርሚናል ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው የሚፈልገው፣ የአምራቹን ወረቀት እዩ፣ ይህን ኃይል የሚለካውን ቶርክ ቁልፍ ከጋራዥ ተዋሱ። እባካችሁ የጣት ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የቁልፉንም እጀታ በቴፕ ጠቅልሉት።