የኩሪቲባ ቱቦ ወጥመድ ነው ላላችሁ

ሰሞኑን እየተቀባበልን ያነበብነው የጉዞ ምክር፣ ከሳኦ ፓውሎ ወደ ደቡብ ብራዚል ለሚዘልቅ መንገደኛ የኩሪቲባን ከተማ በሁለት መስመር ገላግሎታል፦ አውቶቡስ አትንኩ፣ እንግዳ አይችለውም፤ ለሁሉም ነገር በስልክ ታክሲ ጥሩ፣ እሱ ይፈጥናል። ምክንያቱ ደግሞ ከምክሩ ይብሳል። «ቱቦ የሚመስለው ፌርማታ በሩ አንድ ነው፤ ሌባ ገብቶ ቢቆምባችሁ ማምለጫ የላችሁም» ይላል። ይህን የጻፈ ሰው ቱቦውን ያወቀው በፎቶ ነው፤ ያውም ከሩቅ በተነሳ ፎቶ።

ቱቦው መስታወት ነው። ውስጡ የቆመው ሰው ከመንገዱ ግራም ቀኝም ይታያል። በአንደኛው ጫፍ መግቢያ አለ፣ በሌላኛው ጫፍ መውጫ፤ በጎኑ ደግሞ አውቶቡሱ ሲደርስ የሚከፈቱ በሮች። መግቢያው ላይ የሚሽከረከር የብረት በር ተተክሏል፣ ለማለፍ 6 ሬያል ይከፈላል። ሳይከፍል በጎን በር ሾልኮ የሚገባ ጎረምሳ የለም አልልም፣ አለ። ግን ሌባ ሰው ሊዘርፍ ሲነሳ በመስታወት የታጠረ፣ መብራት የበራበትና ተሳፋሪ የተሰለፈበት ቦታ ይመርጣል ብሎ ማሰብ ሌባውን መናቅ ነው። በዚያ ከተማ ስልክ የሚነጠቀው ብዙውን ጊዜ መንገድ ዳር ነው፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ የጠራው ታክሲ የት እንደደረሰ ከሚያይ ሰው እጅ! ምክሩ እንግዳውን የሚያቆመው በትክክል እዚያ ላይ ነው።

ቱቦው ለምን እንደተሠራ የገባው ሰው እንዲህ አይጽፍም። በ1974 ለብቻው በተከለለ መንገድ የሚሄዱት አውቶቡሶች ሥራ ሲጀምሩ፣ ተሳፋሪው ደረጃ እየወጣ በር ላይ ይከፍል ነበርና ጊዜው የሚባክነው በመንገድ ሳይሆን በፌርማታ ነበር። በ1991 ቱቦው ሲመጣ ክፍያው ከአውቶቡሱ ወጥቶ ፌርማታው ላይ ሆነ፣ የፌርማታውም ወለል ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ከፍ አለ። አውቶቡሱ ሲቆም ከበሮቹ ሥር የብረት መረማመጃ ይዘረጋል፣ ክፍተቱን ይሸፍናል፣ ሰው ቀጥ ብሎ ይገባል። በዓመቱ፣ በ1992፣ ሁለት ቦታ ላይ የሚተጣጠፈውና 25 ሜትር የሚረዝመው ቀይ አውቶቡስ ተጨመረ። ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ወለል ይሳፈራሉ።

ለእንግዳ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከሾፌር ጋር መነጋገር የለም። ፖርቱጋልኛ አልችልም ብሎ መሸማቀቅ የለም። ሳንቲም መቁጠር፣ መልስ መጠበቅ፣ «የት ነው የምወርደው?» እያሉ ሰው መለመን የለም። ንክኪ የሚቀበል የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ መክፈያው ላይ አስጠግቶ ማለፍ ነው። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉት መስመሮች እየበዙ ስለሆነ ካርዱ ቅንጦት አይደለም፣ ያስፈልጋል። ካለፉ በኋላ የሚቀረው ቀለም መለየት ብቻ ነው። ቀዩ በዋና ዋና መስመሮች በየ500 ሜትሩ ግድም ይቆማል። ብርማው፣ እነሱ ሊዤይሪኞ የሚሉት፣ ረጅም ርቀት ይዘላል፣ በሁለት ፌርማታዎቹ መካከል በአማካይ 3 ኪሎ ሜትር አለ። ብርቱካናማው ከተርሚናል፣ ማለትም አውቶቡስ ከሚቀየርበት ቅጥር ግቢ፣ ወደ ሰፈር ያስገባል። አረንጓዴው መሐል ከተማ ሳይገባ ሰፈርን ከሰፈር ያገናኛል። ቢጫው መደበኛ የሰፈር አውቶቡስ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ከተማዋን ግማሽ አውቋታል፤ ለዚህ ነው «እንግዳ አይችለውም» ሲባል የሚያናድደው።

ሰው የሚሳሳትበት ቦታ በእርግጥ አለ፤ የምክሩ ጸሐፊ ከሌባ ይልቅ ይህን ቢጽፍ ይጠቅም ነበር። አብዛኛው ቱቦ የሚያገለግለው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የመመለሻው ቱቦ ከመንገዱ ማዶ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ለብቻው ይቆማል። ሳያዩ በተሳሳተው የገቡ እንደሆነ መውጣትና እንደገና 6 ሬያል መክፈል ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ቱቦው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ጣቢያ ስም ማንበብ ግድ ነው፦ ሳንታ ካንዲዳ ሰሜን ነው፣ ካፓዎ ራዞ ደቡብ፣ ሴንቴናሪዮ ምሥራቅ፣ ካምፖ ኮምፕሪዶ ምዕራብ። ሁለተኛው ስህተት ሰማያዊው አውቶቡስ ነው። በቀዩ መንገድ ይሄዳል ግን ቀዩ የሚቆምበት ሁሉ አይቆምም፤ ሳያረጋግጡ የተሳፈሩ መውረጃቸውን በመስኮት እያዩ ያልፉታል። ያን ጊዜ መደንገጥ አያስፈልግም። እስከ ተርሚናል ሄዶ፣ ከቅጥሩ ሳይወጡ፣ ሳይከፍሉ፣ ወደ ኋላ የሚመልሰውን መያዝ ነው። ከቅጥሩ ከወጡ ግን እንደገና ይከፈላል።

ታክሲው ፈጣን ነው የሚለውንም እንየው። በዋና ዋናዎቹ መስመሮች መሐሉ የአውቶቡስ ብቻ ነው፣ ካናሌታ ይሉታል። ለግል መኪናም ሆነ በስልክ ለሚጠራ ታክሲ ክልክል ነው። ለመኪና የተተወው ግራና ቀኙ ያለው ጠባብ የሰፈር መንገድና አንድ ብሎክ ወዲያ ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ጎዳና ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ምሽት ያ ጎዳና ምን እንደሚመስል የከተማውን ሰው ጠይቁ። ቀዩ አውቶቡስም በዚያ ሰዓት ጢም ብሎ ይሞላል፣ ቦርሳን ወደ ፊት ማዞር፣ ከበሩ አጠገብ ስልክ አለማውጣት ይገባል። ግን ይሄዳል። መኪናው ቆሞ ሒሳብ ይቆጥራል።

ደግሞ ታክሲ መጥሪያው ራሱ ለእንግዳ ያን ያህል ቀላል ነው እንዴ? አንዳንዱ መተግበሪያ የብራዚል ስልክ ቁጥር ወይም የብራዚል የግብር መለያ ቁጥር ይጠይቃል። አገሬው ሁሉ በስልኩ ገንዘብ የሚያስተላልፍበት ፒክስም የብራዚል ሒሳብ ለሌለው እንግዳ አስቸጋሪ ነው። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ካናሌታ ካልን፣ እንግዳን ሊገድል የሚችለው እሱ ነው። ጎኑ ያለው የመኪና መንገድ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ሰው አንድ ወገን አይቶ ይሻገራል፤ ካናሌታው ግን በሁለቱም አቅጣጫ አውቶቡስ ይነጉድበታል። 25 ሜትር አውቶቡስ በአንዴ አይቆምም። በመብራት፣ ሁለቱንም ወገን አይቶ መሻገር ነው። ሌባ ሌባ ሲል የዋለው ምክር ይህን ዘሎታል!

መኪና የሚያዋጣበት ቦታ የለም ወይ? አለ፣ አንድ። አውሮፕላን ማረፊያው ሳኦ ዦዜ ዶስ ፒኛይስ ውስጥ ነው፣ ከመሐል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሌሊት ከነሻንጣው የደረሰ ሰው መኪና ቢይዝ አልፈርድበትም። ታንጓ ፓርክና በሽቦና በመስታወት የተሠራው ኦፔራ ዴ አራሚም ከቀዩ መስመር የራቁ ናቸው። ለእነሱ ግን ከታክሲ ይልቅ የቱሪስት ባለ ፎቁ አውቶቡስ ይሻላል፤ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ይዞራል፣ በየቦታው እየወረዱ ቀጣዩን መያዝ ይቻላል። ሰኞን ግን አትመኑበት፤ የኦስካር ኒማየር ሙዚየምም ሰኞ ዝግ ነው። የከተማዋን የእጽዋት መናፈሻ ለማየት የቱሪስቱም አውቶቡስ አያስፈልግም፣ ወደ ሴንቴናሪዮ የሚሄደው ቀዩ በአጠገቡ ያልፋል። ከ1972 ጀምሮ ለእግረኛ የተተወው የኪንዚ ዴ ኖቬምብሮ ጎዳና ደግሞ መኪና ራሱ አይገባበትም።

ከሁሉም ያሳቀኝ የምክሩ መዝጊያ ነው፤ ከተራራው ሥር ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ሞሬቴስ ለመውረድም መኪና ተከራዩ ይላል። ከ1885 ጀምሮ ተራራውን ቆርጦ ወደ ባሕር የሚወርድ የባቡር ሐዲድ እያለ! ባቡሩ ጠዋት ከሮዶፌሮቪያሪያ፣ ከከተማዋ የባቡርና የአውቶቡስ ጣቢያ፣ ይነሳል፣ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ሲወርዱ ገደሉ የሚታየው በግራ በኩል ነውና ወንበር ሲመርጡ ግራ ይበሉ። ሲመለሱ በአውቶቡስ ነው፣ ከባቡሩ እጅግ ይፈጥናል። የአውቶቡሱን ትኬት በኢንተርኔት ለመግዛት ሲሞክሩ የግብር መለያ ቁጥር ከጠየቃችሁ አትታገሉ፤ መስኮቱ ጋ ሄዳችሁ ፓስፖርታችሁን አሳዩ።