«ያው ነጭ አበባ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት የሰማሁት ነገር እስካሁን ሆዴን እያቃጠለኝ ነው። የምኖረው አዮዋ ነው። እዚህ የቀረችውን ጥቂት የፕሬሪ ሣር ምድር ከሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። በየዓመቱ የአበባ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስልጠና ነበረን። ሁለቱን ነጭ ዘርፋማ ኦርኪዶች፣ ምሥራቃዊውንና ምዕራባዊውን፣ እንዴት እንደምንለይ የምንማረው ያን ቀን ነበር። ዘንድሮ ስልጠናው ተሰርዟል። ስልክ አላችሁ፣ ፎቶ አንሱ፣ አፑ ስሙን ይነግራችኋል ተባልን። አፑ ካልለየው ደግሞ «ነጭ ኦርኪድ» ብለን እንድንጽፍ ተነገረን። ስብሰባውን የመራው ሰው በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረበት፦ «ያው ነጭ አበባ ነው። ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ምን ለውጥ ያመጣል?»

ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ከሕጉ ልጀምር። የአሜሪካ መንግሥት ሁለቱንም በ1989 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለመጥፋት የተጋለጡ ብሎ መዝግቧቸዋል። የመዘገባቸው ግን ለየብቻ ነው። ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ ስም ነበር የሚጠሩት። በ1986 ቻርለስ ሼቪያክና ማርሊን ቦውልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አበባውን ጠጋ ብለው አዩትና ምዕራባዊው ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ መሆኑን አሳዩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሕጉ ተከተለ። ስለዚህ ሰውዬው የጠቀሰው ሕግ ራሱ የመጣው «ያው ነጭ አበባ ነው» ብለው ባላለፉ ሰዎች ነው። ያንኑ ሕግ ይዞ መለየት አያስፈልግም ማለት የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው።

አሁን ወደ አበባው እንምጣ። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ ረጅም አገዳ ላይ የተደረደሩ ነጭ አበቦች ናቸው። የታችኛው የአበባ ቅጠላቸው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ጫፉ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተበጣጠሰ ነው። ከእያንዳንዱ አበባ ጀርባ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። ወለላው ያለው እዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። የምዕራባዊው አበባ ተለቅ ይላል፣ የጎን ቅጠሎቹ ሰፋ ይላሉ፣ ቱቦውም ብዙ ጊዜ ረዘም ይላል። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ልኬታቸው ይደራረባል። ስለዚህ በቱቦ ርዝመት ብቻ የፈረደ ሰው ይሳሳታል።

ዋናው ልዩነት ያለው መሃል ላይ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት እርጥቡ ሣር ውስጥ ተንበርክኬ፣ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ፣ አጉሊ መነጽር ይዤ አንዱን አበባ ፊት ለፊት አየሁት። የኦርኪድ ብናኝ እንደ ዱቄት አይበንም። ሁለት ትናንሽ ቋጠሮ ሆኖ ይቀመጣል፣ በእያንዳንዱ ጫፍም የሚያጣብቅ ክብ ነገር አለ። በምዕራባዊው አበባ ሁለቱ ማጣበቂያዎች ግራና ቀኝ ተራርቀው ይቆማሉ። በምሥራቃዊው ደግሞ ተቀራርበው ነው ያሉት። ይኼው ነው ልዩነቱ። ስትሰሙት ትንሽ ይመስላል።

ሲመሽ ግን ይህች ትንሽ ነገር ሁሉን ትወስናለች። ጨለም ሲል የአበባው ሽታ ይበረታል። ያኔ ትልቅ የእሳት እራት ይመጣል። በአየር ላይ እንደቆመ ረጅም ምላሱን ወደ ቱቦው ይሰድዳል፣ ወለላው ጋ ለመድረስም ፊቱን አበባው ላይ ይጫናል። ምዕራባዊው ላይ ከሆነ የተራራቁት ማጣበቂያዎች ዓይኖቹ ላይ ይለጠፋሉ። ምሥራቃዊው ላይ ከሆነ ደግሞ ምላሱ ላይ። ያንን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው አበባ ይሄዳል። ዓይን ላይ የተለጠፈ ብናኝ፣ ምላስ ላይ የተለጠፈውን ለሚጠብቅ አበባ በደንብ አይገጥምለትም። አንዱ አበባ መልእክቱን በዓይን፣ ሌላው በምላስ ነው የሚልከው። ተፈጥሮ በጨለማ፣ በሚሊሜትር ለክታ የለየችውን፣ እኛ በጠራራ ፀሐይ መነጽር ይዘን «ያው ነው» ልንል ነው? እኔ ይህን አልቀበልም። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰውም የሚቀበል አይመስለኝም።

አንዳንዱ ደግሞ ካርታ እያወጣ ይከራከራል፦ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ ከሆነ ምዕራባዊው ነው፣ አለቀ። አላለቀም። አዮዋ ከሚሲሲፒ በስተ ምዕራብ ነው፣ ሁለቱም ግን እዚህ አሉ። በካርታ የሚለይ ቢሆንማ ድሮውንም ስልጠና ባላስፈለገ ነበር።

አፑስ? ለተራ አበባ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አፑ የሚያውቀው ሰዎች ያስተማሩትን ነው። ሰዎች የሚሰጡት ፎቶ ደግሞ አብዛኛው ቆሞ፣ ከላይ፣ ሙሉ አገዳውን የሚያሳይ ነው። ማጣበቂያው የት እንዳለ ከዚያ አይታይም። እኛ መለየት ካቆምን ነገ አፑን ማን ያርመዋል? የተሳሳተ ስም አስገብተን የተሳሳተ ስም ይመልስልናል፣ ያንን እንደ ማስረጃ እንይዛለን።

የተሳሳተ ስም ቀላል ነገር ነው የሚል ካለ ጎረቤታችንን ሚኒሶታን ይይ። በ1893 የግዛቱን አበባ ሲመርጡ የጫማ ቅርጽ ካላቸው ኦርኪዶች የአንዱን ስም ጻፉ። ያ ዝርያ በሚኒሶታ የማይበቅል፣ የአውሮፓ አበባ ሆኖ ተገኘ። ስህተቱ የታረመው በ1902 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ ግዛት መለያ አገሩ ውስጥ የሌለ አበባ ነበር። የሚመሳሰሉትን ለይቶ የሚጠይቅ አንድ ሰው በጊዜው ቢኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ያ ስህተት ግን ወረቀት ላይ ነበርና በወረቀት ታረመ። የእኛ ስህተት መሬት ላይ ነው የሚወድቀው።

ኢሊኖይ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የምሥራቃዊውን ብናኝ በስቴኪኒ እያነሱ ከአበባ ወደ አበባ ያደርሳሉ፤ የእሳት እራቱ ሥራ በሰው እጅ ይሠራል ማለት ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ አፈር ውስጥ የሚስማማው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። በቅሎም እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል። አሁን ሁለቱን የማይለይ ሰው ስቴኪኒ ይዞ ቢሰማራ ምን ይሆናል? ተፈጥሮ የለየችውን በገዛ እጃችን እንደባልቃለን። «ነጭ ኦርኪድ» ተብሎ ከተመዘገበ ቦታ የተለቀመ ዘርስ የማን ዘር ነው? አዮዋ ድሮ አብዛኛው መሬቷ ፕሬሪ ነበር። ዛሬ ከዚያ ከሺህ እጅ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። ከዚህ በኋላ ለስህተት የሚተርፍ መሬት የለንም።

እናቴ ስንዴ ስትለቅም ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስታበጥር ትዝ ይለኛል። እንክርዳድ ስንዴ ይመስላል። እሷ ግን በጣቷ ጫፍ እየነካች አንድ በአንድ ታወጣው ነበር። እንክርዳድ ያዞራላ! ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን «ያው እህል ነው» ስትል አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ አጠገቧ ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ። መለየት የሚተላለፈው እንዲህ ነው። የእኛም ቅዳሜ እንዲህ ነበር፦ የሚያውቀው ከማያውቀው ጎን ይንበረከካል፣ መነጽሩን ያቀብለዋል፣ «እዚህ ጋ እይ» ይለዋል።

ኦርኪዶቹ የሚያብቡት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ነው። የጠየቅነው አንድ ቅዳሜ ነው። ገንዘብ የለም ከተባለ መነጽሩን ከቤታችን እናመጣለን። ስልጠናው ይመለስ፤ መዝገቡ ላይም «ነጭ ኦርኪድ» የሚለው መስመር ቆጠራው ሳይጀመር ይውጣ።