ላም አለኝ በመስኮት

ደሴ ላይ አራት ማዕዘን መስኮት ነውር ከሆነ ሰነበተ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ አናቱ ቅስት የሆነ፣ ግማሽ ጨረቃ፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አንዳንዴም ስም ያልወጣለት ቅርጽ ያሠራል። ያሠራ፣ ብሩ የራሱ ነው። እኔን ያበሸቀኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። መስታወቱ ገብቶ ሳይጸዳ፣ ግድግዳ የሚያክል ወፍራም መጋረጃ ከኮርኒሱ እስከ ወለሉ ይለቀቅበታል። ቅስቱም፣ ጨረቃውም፣ ከውጭ ያለው ተራራም አብረው ይቀበራሉ።

ሰሞኑን ለምርቃት የተጠራሁበት ቤት ሳሎኑ ወደ ምዕራብ ያያል። ወደ ጦሳ ማለት ነው። ደሴ የኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያን ግዙፍ ተራራ ከሶፋ ሳይነሱ ማየት የሚችሉበት ቤት ነው። ታዲያ ቤቱ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል።

«እትዬ፣ መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ ብናደርገውስ?» አልኳቸው።

«አብሽር የኔ ሸጋ፣ ቁጭ በል። ሶፋው ፀሐይ እንዳይመታው ነው።»

ሶፋው ገና ላስቲኩ አልወለቀም።

ይሁን፣ የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን ፊቴን ወደ ሌላው ግድግዳ ሳዞር በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ አየሁ። ተራራ ነው! በረዶ ያለበት፣ ከሥሩ ሐይቅ የተኛበት የፈረንጅ ተራራ። ጦሳን በጨርቅ ሸፍነው፣ የማያውቁትን ተራራ በገንዘብ ገዝተው ሰቅለዋል። ሐይቅም ካማራቸው እኮ ሐይቅ ከተማ ቅርብ ናት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ በእውነት ተናደድኩ።

ከተረትና ምሳሌ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትለውን አጥብቄ እወዳታለሁ። ሰው ሁሉ በላሚቱ ባለቤት ይስቃል። እኔ ግን አዝንለታለሁ። ሰውዬው ምን ያድርግ? ሰማይ ሩቅ ነው፣ መሰላል አይደርስም። ቢያንስ ቀና ብሎ ማየቱን አልተወም። የኛዎቹ ላም ግን ደጃፍ ላይ ቆማለች። እጅ ዘርግቶ ጨርቁን መሳብ ብቻ ነው የቀረው። እሱም ፀሐይ ይገባል ተብሎ ይቀራል።

ደግሞ ቅርጽ ያለው መስኮት ለወሎ አዲስ ነገር ይመስል! ላሊበላ ሄዳችሁ ቤተ ማርያምን እዩ። መስኮቶቹ በልዩ ልዩ መስቀል ቅርጽ ከአለቱ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ብርሃኑ በዚያ ቅርጽ ተቆርጦ ነው የሚገባው። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከላይ 12 መስኮቶች አሉት፣ አናታቸው ሾጠጥ ያለ። ከታች ያሉት 9ኙ ግን ድፍን ናቸው። መስኮት መስለው ተቀርጸዋል እንጂ አይከፈቱም። ይሄ ነው ቁም ነገር! የማትከፍተው ከሆነ ከመጀመሪያው ድፍን አድርገህ ቅረጸው። የመስታወት ወጪ የለ፣ የመጋረጃ ወጪ የለ። የዛሬ 800 ዓመት ግድም የገባቸው ነገር ለኛ አልገባንም።

መጋረጃ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ስሙን አልጠራም፣ እሱ ግን ራሱን ያውቃል። ጨርቅ ወሰድኩለት። መስኮቴ አናቱ ቅስት ነው። ለክቶ ሲያበቃ «ለቅስት ሽብሽቦ ብዙ ጨርቅ ይበላል፣ ጨምር» አለኝ። ጨመርኩ። «ነገ ውሰድ» አለኝ። የሱ ነገ አያልቅም። በመጨረሻ መጋረጃው ሲመጣ ከወለሉ አንድ ስንዝር አጥሯል። ልጅነቱን የጨረሰ ልጅ ሱሪ መስሎ ተንጠልጥሏል። «ሲታጠብ ይለቃል» አለኝ። የትኛው ጨርቅ ነው ታጥቦ የሚረዝመው? በኋላ ሱቁ ስገባ ወንበሩ ላይ ትራስ አየሁ። የኔው አበባ፣ የኔው ቀለም! ሰላምታ ሳልሰጥ ወጣሁ። እስካሁንም በዚያ መንገድ አላልፍም።

የት ነበርኩ? አዎ፣ መጋረጃ የሚዘጋው ከሰው ዓይን ለመደበቅ ነው ይሉኛል። ገበና ነው፣ እሺ። ግን የምርቃቱን ቤት መጋረጃ ጠጋ ብዬ አየሁት። አንደኛው ጠርዙ፣ ልክ በቤቱ ወይዘሮ ዓይን ቁመት ላይ፣ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ሌላው ቦታ ንጹሕ ነው። በዚያች ጠርዝ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን ምን በፌስታል ይዞ እንዳለፈ ይታያል። ቡናው ላይ ከአቦል እስከ በረካ የሚበቃ ወሬ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚገባው። የጎረቤት ቤት ሙሉ በሙሉ ይታያል። የማይታየው ተራራው ብቻ ነው። ጦሳ ምን አደረገ? የማንን ወሬ አወራ?

ነገሩ ሲገባኝ፣ መስኮቱ ከመጀመሪያውም ከውስጥ ወደ ውጭ ሊታይበት አልተሠራም። ከመንገድ ለሚያይ ሰው ነው የተሠራው። «የእገሌ ቤት ክብ መስኮት አለው» እንዲባል። መንገደኛው ቅስቱን ያያል፣ ባለቤቱ ጨርቁን ያያል። ብድር የተከፈለበት መስኮት ለአላፊ አግዳሚ ተመርቋል።

ለነገሩ መላው ቀላል ነው። ቅስቱን ተዉት፣ ምንም አታልብሱት። የመጋረጃውን ዘንግ ቅስቱ ከሚጀምርበት በታች ስቀሉ። ከላይ ሰማይና የጦሳ አናት ይቀርላችኋል። ዘንጉን ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ስንዝር ተኩል አስረዝሙት። ጨርቁ ሲገፋ ግድግዳው ላይ ይሰበሰባል እንጂ መስታወቱን አይሸፍንም። መንገደኛ የሚያሳስባችሁ ከሆነ የታችኛውን ግማሽ ብቻ ሸፍኑ። የመንገድ ሰው ከታች ነው፣ ተራራው ከላይ። ባለ ብዙ ክንፍ ሆኖ፣ በማዕዘን እየታጠፈ ወደ ውጭ ለወጣ መስኮት አንድ ረጅም ዘንግ አይሆንም። ለየክንፉ የየራሱ ይሰቀል፣ ወይም የሚታጠፍ ሐዲድ ይገዛ። ስስ መጋረጃ ደግሞ ቀን ቀን ነው የሚሸፍነው። ማታ ውስጥ መብራት ሲበራ ከውጭ ሁሉ ነገር ይታያል። ስለዚህ ወፍራሙን ለማታ አኑሩት። ብርዱም ብርድ ነው፣ የደሴን ሌሊት አልክድም። ሲመሽ ዝጉት። ሲነጋ ግን ክፈቱት እንጂ!

ሦስት ማዕዘኑ ሊረሳ ነበር። ዘንጉን በዘመመው ጠርዝ ላይ አትስቀሉ። ጨርቁ ቁልቁል እየተንሸራተተ ታችኛው ጥግ ላይ ይከመራል፣ በየቀኑም ስትጎትቱ ትውላላችሁ። ሽንት ቤት ላለው ክብ መስኮት በመስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ጭጋግማ ስቲከር ይበቃዋል። ስቲከር ሰፊ አያስፈልገውም። ሰፊ ያስፈለገው ሰው ካለ ግን ጨርቁን እዚያው ቆሞ ያስለካ፣ ቁርጥራጩንም ቆጥሮ ይቀበል። ትራስ ይወጣዋል።