«ማኅበረሰቡ ተስማምቷል»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። አንዱ ወዳጃችን የፕሮጀክት ሰው ነው፤ ላፕቶፑ ቅዳሜም አይለየውም። አንዷ ለዓመታት የልማት ሠራተኛ ሆና ገጠር ለገጠር የዞረች ናት። ሌላው ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ፎገራ ላይ መሬት አላቸው፤ ሰሞኑን ልጃቸው ጋ ባሕር ዳር ከርመዋል። እኔ ሻይ ከፋይ ነኝ።

የፕሮጀክቱ ሰው የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋሚያ ፕሮጀክት እየነደፈ ነው። የሐይቁን ጠርዝ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ነጻ አድርጎ ሣርና ደንገል ማልማት፣ በምትኩ ለገበሬው ቀፎና ዶሮ መስጠት። «ማኅበረሰቡን አወያይተናል፤ ተስማምቷል። ቃለ ጉባኤው እዚሁ አለ» አለ።

«መቼ ነበር ያወያያችሁት?» አለች የልማት ሠራተኛዋ።

«ኅዳር መጨረሻ።»

«ሩዝ አጨዳ ላይ! ታዲያ ማን መጣላችሁ?»

«ውሎ አበል የሸተተው» አሉ ጋሼ ሻያቸውን ፉት ብለው።

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ጉና ተራራ ግርጌ ስትሠራ ያየቻትን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አነሣችብን። እማወራ ስለሆነች ለሪፖርት ትፈለጋለች፤ ስሟ የሌለበት ስልጠና የለም። እርከን ይሠራ ሲባል እሺ አለች። ግን በሬ የላትም፤ መሬቷን ለእኩል ሰጥታለች። የእኩል አራሹን የጠራው የለም። ለከርሞ ያንን መሬት ይረስ አይረስ የማያውቅ ሰው እርከን ለምን ብሎ ይጠብቃል? ማረሻውን አስገብቶ ናደው። «ፊርማው ግን ነበረን» አለች።

የፕሮጀክቱ ሰው ተቆጣ። እውነት ለመናገር፣ ቁጣው አለምክንያት አልነበረም። «ገበሬው ያለውን ብቻ እየሰማን ብንኖር ጣና የት ይደርስ ነበር? ባሕር ሸሹን፣ ሐይቁ ሲሸሽ የሚቀረውን መሬት፣ እስከ ውኃው አፍ ድረስ ያረሰው ማነው? ደንገሉ ሲነሣ አፈሩም ማዳበሪያውም ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። እምቦጩም የሚወፍረው በሱ ነው። ደግሞ ለጋሹ ጊዜ አይሰጥም። ‹ይሄ ተራ ልማት ነው ወይስ የአየር ንብረት?› ብሎ ያፋጥጥሃል።»

ጋሼ ጣታቸውን ሻይ ውስጥ ነከር አደረጉና ጠረጴዛው ላይ መስመር ሳቡ። «ይሄ ጉማራ። ይሄ ርብ። ሁለቱም ከጉና ነው የሚመጡት። ይሄ ደግሞ ሐይቁ። በ98 ነሐሴ ወንዙ ከላይ እየገፋ መጣ፤ ሐይቁ ሞልቶ አላሳልፍ አለው። እኛ መኻል ቀረን። አሁን አንተ የኛን ጠርዝ ብቻ ብታጥር ከላይ የሚመጣውን አፈር ምን ልታደርገው ነው? ደግሞ ሐይቁ መውጫው ላይ ውኃ የሚያዝበትና የሚለቀቅበት በር አለው፤ ከፍታውን ዝናብ ብቻ አይደለም የሚወስነው። ሁሉን ለአየር ንብረት አትስጠው።» ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና ወደ ሩዙ ገቡ። ድሮ ያ ሜዳ ክረምት ውኃ፣ በጋ የፎገራ ላም መዋያ ነበር። ሩዝ ሲገባ እንጀራ ይሆናል ብሎ ያሰበ ብዙ አልነበረም። ሴቶቹ ከጤፍ ቀላቅለው ጋገሩት፤ ለጠላም አደረጉት። ውኃ የሚተኛበት መሬት ገንዘብ አወጣ። «ግን ግጦሹን በላው። እኔ ላሞቼን ሸጥኩ። ጎረቤቴ በሩዝ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ማኅበረሰብ አትበለኝ ልጄ፤ በዚህ ነገር እኔና ጎረቤቴ እንኳን ተኳርፈናል።»

የፕሮጀክቱ ሰው ላፕቶፑን ከደነ። ክርክሩ ወደ ዓሣ ዋጋ ዞረ።

የኔን ልበል። ጠርዙ መታረስ የለበትም በሚለው ከፕሮጀክቱ ሰው ጋር ነኝ። ሰሜኑ ዳርቻ ላይ እምቦጭ መረቡን ጠቅልሎበት ታንኳው ውስጥ ተቀምጦ ሲፈታ የዋለ ዓሣ አስጋሪ ያየ ሰው ሌላ ሊል አይችልም። አወያይተናል የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። «ትስማማላችሁ?» ብሎ የጠየቀ እሺ ይባላል። ያገራችን ገበሬ እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ አይልም። «በዚህ ነገር የሚጎዳው ማነው?» ቢባል ኖሮ ስም ይወጣ ነበር። የመጀመሪያው ስም ደግሞ ውኃው ሲሸሽ ተከትሎ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ልጅ ይሆን ነበር። የመሬት ደብተር የለውም፤ ስብሰባም አይጠራም። ያለው እርሻ እሷው ናት። ለሱ ቀፎ ምኑ ነው? የት መሬት ላይ ያስቀምጠዋል?

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ዓመት በአንዲት ትንሽ ጠርዝና ከላይ ባለ አንድ ቦረቦር ብቻ እጀምርና የቀረውን ገንዘብ አንድ ክረምት እስኪያልፍ አልነካውም ነበር። ለጋሹ ይቀበላል አይቀበልም፣ እሱ የወዳጄ ራስ ምታት ነው።

ማታ ሰነዱን ላከልኝ። ሃያ ሁለት ገጽ ነው። ያንን ልጅ ፈለግሁት። ገጽ አሥራ አራት ላይ «ሕገ ወጥ አራሾች» የሚል አገኘሁ፤ ሌላ የለም።