«እሳት ጨምርበት» የምትሉኝ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉኝ

የዓሣ ማጥመጃ የምሠራበት እርሳስ እየተሰበረብኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖብኛል። ዛሬ ካልተነፈስኩ አንጀቴ አርሮ ሊያልቅ ነው።

የምኖረው ሀዋሳ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆሜ አምባዛ አጠምዳለሁ። በመረብ ሳይሆን በዘንግ። ዓሣውን የሚያታልለውን ነገር የምሠራው ራሴ ነኝ። እርሳስ አቅልጬ ፎርማ ውስጥ በመንጠቆው አንገት ላይ አፈስሳለሁ። ሲቀዘቅዝ የትንሽ ዓሣ ጭንቅላት ይመስላል። ቀለም እቀባዋለሁ፣ ከኋላው የክር ጭራ አስርለታለሁ። ቆሮሶ ለዚህ ብዙም አይመጣም፤ ዋና ምግቡ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። አምባዛ ግን አጠገቡ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ አይምርም።

ድሮ እርሳስ የሚሰጠኝ አንድ ጎሚስታ ነበር። ከመኪና ጎማ የወለቁትን የባላንስ እርሳሶች በጣሳ ያጠራቅምልኝ ነበር። እሱ ሰፈር ቀየረ። እኔም ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥበት ቦታ ሄጄ ያንኑ የባላንስ እርሳስ 3 ኪሎ ገዛሁ። በማዳበሪያ ከረጢት የተደባለቀ ነው። «ሌላ ነገር አልገባበትም?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ እርሳስ እርሳስ ነው» አለኝ። አመንኩት።

ግማሹን አቀለጥኩና 40 ፍሬ አወጣሁ። 26ቱ በጣቴ ጫን ሳደርጋቸው አንገታቸው ላይ ቀጭ አሉ። እርሳስ እኮ ነው! እርሳስ ይጎብጣል እንጂ እንደ ብስኩት አይሰበርም። የቀሩትን ይዤ ሐይቅ ወረድኩ። ሦስተኛው ውርወራ ላይ ድንጋይ ነካ፤ ስስበው ባዶ መንጠቆ መጣ። እርሳሱ ተሰንጥቆ እዚያው ቀርቷል።

ከዚያ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። በያጅ ጎረቤቴ፦ «እሳቱ አንሶ ነው፣ ጨምርበት»። ባትሪ የሚሠራው ልጅ፦ «እሳት ጨምርበት»። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲገፍፉ የማገኛቸው ጋሼም፦ «ልጄ፣ እሳት አልበቃውም»። አንድም ሰው «እስቲ እርሳሱን ልየው» አላለኝም። አንድም!

የፎርማ መቀዝቀዝ ምን እንደሚያደርግ እኮ አውቃለሁ። ልክ እንደ እንጀራ ነው። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ብታፈሱ ዓይን አያወጣም። ፎርማም ሳይሞቅ እርሳስ ከፈሰሰበት ላዩ ይሸበሸባል፣ ጫፉ ሳይሞላ ይቀራል። ለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ፍሬዎች ማሟሻ አደርጋቸዋለሁ፤ ተመልሰው ወደ ብረት ድስቱ ይገባሉ። ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚታሰሰው ሁሉ ፎርማውንም በሻማ ጥቀርሻ አጠቁረዋለሁ። ያኔ እርሳሱ እየተንሸራተተ ይሞላል። ፎርማዬ ደግሞ ብረት ነው። ጄሶ የምትጠቀሙ ካላችሁ በደንብ ሳይደርቅ እንዳታፈሱበት፣ በእናታችሁ! ውስጡ የቀረው እርጥበት በአንዴ እንፋሎት ይሆንና የቀለጠውን እርሳስ ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ብረቱንም ቢሆን ጠብታ ውሃ እንዳይነካው ተጠንቀቁ።

ይሄን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሽብሽቡ ጠፋ። ስብራቱ ግን አልጠፋም።

እና ምን አደረግኩ? ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲላችሁ መጨረሻ ላይ ማመናችሁ አይቀርም። የቀረውንም ጨምሬ፣ ከሰሉን ከምሬ፣ በማራገቢያ አነደድኩት። እርሳሱ መፍሰስ ሲገባው ገንፎ ሆነ። ላዩ ላይ ባማስለው፣ ብጠርገው የማያልቅ ቆሻሻ ያዘ። ያን ቀን ያፈሰስኩት አንድም አልተረፈም። መንጠቆዎቹም አብረው ተበላሹ። ጥሩ መንጠቆ ስንት እንደገባ የሚያጠምድ ሰው ያውቀዋል።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት ከረጢቱን ገለበጥኩት። ሥሩ ላይ ጥቂት ፍሬዎች ቀርተው ነበር። አንድ በአንድ በፒንሳ ነከስኳቸው። እርሳስ ወዲያው ይበሳል፣ በጥፍርም ይጫራል። አንዳንዶቹ ግን ፒንሳውን እምቢ አሉት። ሲሚንቶ ላይ ስጥላቸው እርሳሱ ድፍን ድምፅ ያሰማል፤ እነሱ ቅጭል ይላሉ። ዚንክ ናቸው! የመኪና ባላንስ ዛሬ ከዚንክም ከብረትም ይሠራል። ቀለም ከተቀባ በዓይን አይለይም።

አሁን ይሄን ስሙኝ። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው። ዚንክ እስከ 420 ገደማ ይቆያል። ከእርሳስ ስለሚቀልም ሳይቀልጥ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እሳቱን ልከኛ አድርጌ ብይዘው ኖሮ በጭልፋ ለቅሜ አወጣው ነበር። ብረቱም እንዲሁ ነው፣ ይንሳፈፋል፣ ይለቀማል። በመጀመሪያውም እሳቴ ሳይበዛ አልቀረም፣ ለዚያ ነው የተሰበሩት፤ እኔ ግን ጭራሽ እሳት ጨመርኩበት። ዚንኩን በገዛ እጄ አቅልጬ እርሳሱ ውስጥ አስገባሁት። አንዴ ከገባ ደግሞ እቤት ውስጥ ማውጣቱ ከባድ ነው። ትንሹ ዚንክ ያን ሁሉ ኪሎ ያበላሻል። መድኃኒት ተብሎ የተሰጠኝ ምክር ነው በሽታውን የጨመረው። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። «ታዲያ አንተ መለየት ነበረብህ» አለኝ። ስገዛ ጠይቄህ የለ እንዴ? ሁለት ጊዜ! አላውቅም ማለት እኮ ነውር አይደለም። አላውቅም ቢለኝ እዚያው ቆሜ በፒንሳ እለያቸው ነበር። ይባስ ብሎ «የባትሪ እርሳስ ልስጥህ» አለኝ። የባትሪ ሳህን ውስጥ ያለው ብዙው ዱቄት ነው፣ አሲድ የጠጣ። ብናኙም ጭሱም መርዝ ነው። ልጆች ባሉበት ግቢ እሱን ማቅለጥ ልጆቹን መመረዝ ነው። ተራውን እርሳስ እንኳ የማቀልጠው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ምግብ በማይሠራበት ዕቃ ነው። ስጨርስ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ቁራሽ አልነካም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ሌላም የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ተሰብሮ ሐይቁ ውስጥ የሚቀረው እርሳስ የትም አይሄድም። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። እንግሊዝ አገር በ1987 እ.ኤ.አ. አነስተኛ የእርሳስ ማጥመጃ ክብደቶች እንዳይሸጡ የተከለከለው የውሃ ወፎች እየዋጧቸው ስለሞቱ ነው። እኛም ወፍ የሞላው ሐይቅ ዳር ነው የምናጠምደው። የምሠራው ነገር ጠንካራ እንዲሆን የምፈልገው ለአምባዛው ብቻ ብዬ አይደለም።

ትናንት ከሌላ ጎሚስታ ትንሽ አገኘሁ። አንድ በአንድ በፒንሳ ለየሁ። በልከኛ እሳት አቀለጥኩ፣ የተንሳፈፈውን ለቀምኩ፣ ቁራጭ ሻማ ጣል አድርጌ አማሰልኩና ላዩ ላይ የወጣውን ቆሻሻ ገፈፍኩ። ሬዲዮ የሚጠግን ጓደኛዬ ትንሽ ስታኞ ሰጥቶኝ ጨመርኩበት። ውስጡ ያለው ቆርቆሮ (የቤት ጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው) እርሳሱን በደንብ ያስፈስሰዋል። 12 ፍሬ ወጣ። ጎብጠዋል፣ ተቀጥቅጠዋል፣ አንድም አልተሰበረም።

ግን 12 ፍሬ የት ይደርሳል? ያ የተበላሸው 3 ኪሎ እስካሁን ጓሮ ተቀምጧል። ለሌላ ሰው አልሸጠውም፤ እኔን ያቃጠለኝ ሌላውን እንዲያቃጥል አልፈልግም። ሀዋሳ ውስጥ የባላንስ እርሳስ ለይቶ የሚያስቀምጥ ጎሚስታ የምታውቁ ከሥር ጻፉልኝ። ፒንሳዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ራሴ እለያለሁ፣ ዋጋውንም አልከራከርም።