ይድረስ ለክቡር ኦክስጅን ሴንሰር፣ ባሉበት ማርሚታ

ጉዳዩ፦ ያለማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ስለመሞት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን። ናፍቆቱም ቢሆን ብዙ አያቆየንም። ባለፈው የቀበርንበት አፈር ሳይደርቅ ይኸው የብልሽት መብራቷ፣ ቼክ ኢንጅኗ በራች፤ ስካነሩን ብሰካ ፒ0135 አለኝ። "የማሞቂያዬ መስመር ተበላሽቷል" ማለትዎ ነው። አብሽሩ፣ ደግመን እንቀብርዎታለን።

እኔ ደሴ የመኪና ኤሌትሪሻን ነኝ። አቤቱታዬ የመጣው ከአንዲት መኪና ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ተርቦ የሚባል፣ አየር ወደ ሞተር የሚጠቀጥቅ ነገር አታውቅም ነበር፤ ባለቤቷ ግን ሐረጎ ዳገት ላይ አይሱዙ ሁሉ ወደ ኋላ ሲቀርለት ማየት ፈለገ። ተርቦ አስገባላት፣ ጭስ ማጣሪያ ካታሊስቷን አስወጣላት፣ ማርሚታዋንም አስሰፋላት። አልፈርድበትም፤ ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ሳስቷል፣ እዚህ አገር ተርቦ ቅንጦት አይደለም። መኪናዋም እሱም ደስ ብሏቸዋል። ደስ ያላለው እርስዎን ብቻ ነው።

ክብርዎን አላጣሁትም። ጀርመን ተወልደው፣ ቦሽ አሳድጎዎት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ ለዓለም የታዩ ትልቅ ሰው ነዎት። ሥራዎ ግን ምንድን ነው? ጭስ ውስጥ ቁጭ ብሎ የተረፈ ኦክስጅን መቁጠር። ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ካልደረሰ ይናገራሉ፤ ቤንዚኑ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይጮኻሉ፣ ሲያንስ ወደ 0.1 ወርደው ያንሾካሹካሉ። ይህችኑ ለመናገር ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ ካልሞቁ አፍዎን አይከፍቱም። በደሴ ብርድ ለራሱ ማንደጃ የሌለው ስንት ሰው እያለ!

ይህም ይሁን። ከሁሉ የገረመኝ አተነፋፈስዎ ነው። ጭሱን የሚያመዛዝኑበት ንጹሕ የውጭ አየር ያስፈልግዎታል፤ እሱን ደግሞ አብዛኞቻችሁ የምትስቡት በሽቦዎቻችሁ ውስጥ ነው። ይህን ለመካኒኩ ስነግረው ጫት የቃምኩ መሰለው። እኛ ክረምት መጣ፣ ውሃ እንዳይገባብዎ ብለን ሶኬትዎን በግሪስ ጠቅጥቀን፣ ሽቦዎን በሲልከን ደፍነን፣ "አሁን ማን ይነካዎታል" ስንል እርስዎ "ታፈንኩ" ብለው ያርፋሉ። ምስጋና ቢስ!

ሲልከን ካነሳን አይቀር፣ በእሱም ይታሙብናል። በሞተር ብረቶች መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን ሲጠፋ ሲልከን፣ ጓርኒሲዮን ሲገኝም ለመተማመኛ ሲልከን እንለቀልቃለን። ትነቱ በሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ዞሮ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠልና ነጭ አመድ ሆኖ አፍንጫዎ ላይ ይጋገራል። ሴንሰር የማይጎዳ ዓይነት እንዳለ የሲልከኑ ቱቦ ላይ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ቱቦውን የምንገዛው ለመጭመቅ ነው እንጂ ለማንበብ አይደለም።

አሟሟትዎን ሳይሆን አቀባበርዎን ባይ ግን ትንሽ አዘንኩልዎት። ሲፈቱ ማንም ፊትዎን አያይም፤ ወዲያ ተወርውረው አዲሱ ይገባል፣ ዋጋውም የአረፋ በግ ያስንቃል። አስከሬንዎ እኮ ይናገራል። ነጭ ዱቄት ከለበሱ ገዳይዎ ሲልከን ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆኑ ቤንዚን በዝቶብዎታል። ቡናማ ሆነው ቅባት ቢጤ ካለብዎት ዘይት ጠጥተዋል። ሲነቀነቁ ውስጥዎ ኳ ኳ ካለ ደግሞ ሴራሚክዎ ተሰንጥቋል።

የዚችኛዋ መኪና ሟች ሁሉም ነበረበት። ተርቦው አሮጌ ነው፣ ዘይት ያሳልፋል። መካኒኩ "ትንሽ ያልበዋል እንጂ ደህና ነው" ይላል። ያ ላብ ፎስፈረስና ዚንክ ይዞ መጥቶ ጭሱን የሚያሸቱበትን ፕላቲነምዎን ይሸፍነዋል። በያጁ ደግሞ ለመፍታት እንዲመቸው ብሎ ከቧንቧው ሆድ በታች በይዶ ሰቅሎዎታል። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ቧንቧው ውስጥ ያደረ ውሃ ሁሉ ወደ እርስዎ ይወርዳል፤ እርስዎም ማሞቂያዎን ለኩሰው እንደ ጋለ ምጣድ ይጠብቁታል። ጠብ ሲልብዎ ጧ! ከቧንቧው ጎን፣ ከአግዳሚው መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብለው፣ ከተርቦው አፍም ከግማሽ ሜትር በላይ ርቀው ቢቀመጡ ምን ነበረበት? መፍቻ አይገባም ተባለ።

አንዱን ግን ለእርስዎም አልለቅም። ከእርስዎ በፊት ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ አየር ይስባል። እርስዎ ያንን አየር ቆጥረው "ቤንዚን አንሷል" ብለው መሰከሩ፤ ኮምፒውተሩ አምኖ ጨመረ፣ እርስዎ ደግመው መሰከሩ፣ እሱም ደግሞ ጨመረ፣ በመጨረሻም በገዛ ምስክርነትዎ ጥላሸት ታፍነው ሞቱ። ማታ ፒያሳ ላይ ማርሚታው እሳት ሲተፋ ልጆች ያጨበጨቡት ለዚያ ቤንዚን ነው።

ባለቤቷ ግን "ጋሼ፣ የሰጡኝ ኦርጅናል ነው ወይ?" ይለኛል። አዎ ልጄ፣ ሟቹ ኦርጅናል ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የማሞቂያው ፊውዝ ሳይታይ፣ ማርሚታው ላይ ተኝቶ የቀለጠው ሽቦ ሳይነሳ፣ የተሰነጠቀው ብየዳ ሳይደፈን፣ ተርቦውም ሳይታደስ አዲስ ወንድምዎን እንደማልገጥም በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለተርቦው፣ ላቡን በራሱ መሀረብ እንዲጠርግ፤
ለበያጁ፣ ቧንቧ ላይና ታች እንዳለው እንዲያውቀው፤
ለመካኒኩ፣ ሲልከኑን ለመታጠቢያ ቤት እንዲያውለው፤
ለባለመኪናው፣ ከኋላው የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ የሆነው ከሰማዩ ነጸብራቅ እንዳልሆነ እንዲረዳው።