ባዝ ከተማ ላይ የተጠየቅሁት ጥያቄ

በየካቲት ወር፣ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሐውስ ከተባለው ቤት ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ ቤቱን ለጎብኚ የሚያሳዩ አንዲት አረጋዊት የጠየቁኝ ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ቤቱ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት፣ በኋላም በ1958 ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ያበረከቱት ነው። አረጋዊቷ ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ንጉሡ አዲስ አበባ ውስጥ ይኖሩበት የነበረው ቤተ መንግሥት ዛሬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ዩኒቨርሲቲ መሆኑን፣ እኔም የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝሁት እዚያው ግቢ ውስጥ መሆኑን በኩራት ነገርኋቸው። «እንግዲያው መኝታ ቤታቸውን አይተኸዋል ማለት ነው» አሉኝ። አላየሁትም።

ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው የማወራውን ያውቃል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር፤ በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤታቸው ሳይቀር ለጎብኚ ይታያል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያኖች የፋሺስት ዘመናቸውን ዓመት በደረጃ ቆጥረው የገነቡት፣ ከድል በኋላ የይሁዳ አንበሳ ጫፉ ላይ የተቀመጠበት ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። በዚያ ደረጃ ሥር ተቀምጬ ለፈተና አጥንቻለሁ፣ ጓደኛ ጠብቄያለሁ፣ ፀሐይ ሞቄያለሁ። ደረጃው ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም፤ የሙዚየሙንም በር አንድም ቀን አልረገጥሁም። በዚያ በር ሲገቡና ሲወጡ የማያቸው ካሜራ ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ስለነበሩ ነገሩ የእነርሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እሠራ ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ጠዋት ልብስ አጥባለሁ፤ ከዚያ ላይብረሪ እገባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን የእንግሊዝን ኳስ እናያለን። ሊቨርፑልን፣ ማንቸስተርን፣ ኒውካስልን አንዳቸውንም ሳላያቸው የስታዲየሞቻቸውን ስም፣ የደጋፊዎቻቸውን መዝሙር፣ የትኛው ከተማ ከየትኛው ጋር እንደሚቀናቀን አውቅ ነበር። ከዶርሜ የአምስት ደቂቃ መንገድ ያለውን ቤት ግን አላውቀውም። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በምደባ ጎንደር ደርሶት ፋሲል ግንብን ሳያይ የተመረቀ፣ ባሕር ዳር ተምሮ ጢስ ዓባይን በብር ኖት ላይ ብቻ የሚያውቅ፣ አርባ ምንጭ ቆይቶ ከተማይቱ ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች ያልረገጠ ሰው ከጓደኞቼ መካከል በስም መቁጠር እችላለሁ።

አሁን የምማረው በሊድስ ከተማ ነው። እዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሐሙስ ሲሆን «ቅዳሜ የት ነህ?» ይላሉ እንጂ «ቅዳሜ ምን ታደርጋለህ?» አይሉም። መሄዱ የታወቀ ነው፤ የቀረው ቦታውን መምረጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ የወሰዱኝ ባቡሩ ግማሽ ሰዓት እንኳ ወደማይፈጅበት ወደ ዮርክ ሲሆን፣ እዚያ ያየሁት የባቡር ሙዚየም ብዙ ነገር አሳሰበኝ። መግቢያው በነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ ዛሬ የእንፋሎት ባቡሮችን ክብረ ወሰን የያዘው ማላርድ የሚባለው ሰማያዊ ባቡር ተወልውሎ ቆሟል፤ ሽማግሌዎች የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው የእያንዳንዱን ጎማ ታሪክ ያስረዳሉ። የእኛ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ድሬዳዋን የሚያህል ከተማ የቆረቆረ ባቡር ነው። ለገሃር አጠገብ ስንት ጊዜ ታክሲ ጠብቄያለሁ፤ አባቴም አጎቴም ስለዚያ ጣቢያ አንድ ቃል ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በእንግሊዝ ባቡር ነገር ግን ሁሉ ያማረ እንዳይመስላችሁ፤ ትኬቱ ያስመርራል። እኛ አገር መናኸሪያ ሄደህ ታሪፉን ትከፍላለህ፤ በበዓል ሰሞን ቢጨምሩብህ እንኳ ጎንህ የተቀመጠው ሰውም ያንኑ ጨምሮ እንደከፈለ ታውቃለህ። እዚህ በአንድ ባቡር፣ በአንድ ረድፍ የተቀመጡ አራት ሰዎች አራት ዓይነት ዋጋ ከፍለው ሊሆን ይችላል። ከሳምንታት በፊት የቆረጠ በጥቂት ፓውንድ ይሄዳል፤ በዕለቱ የቆረጠ ሦስትና አራት እጥፍ ይከፍላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያበሳጨኝ አንዱን ጉዞ በሦስት ትኬት ከፋፍሎ የቆረጠ ሰው፣ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ሙሉ ትኬት ከቆረጠው ሰው ያነሰ ሊከፍል መቻሉ ነው። ይህን ለማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ያስፈልጋል፤ የሚጎዳውም እንደ እኔ ያለ አዲስ መጤ ነው። ከዋጋው አንድ ሦስተኛውን የሚቀንሰው የወጣቶች ካርድ ከ25 ዓመት በላይ ለሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪም እንደሚሰጥ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ሁለት ወር ሙሉ ያለ አግባብ ከፍያለሁ። አዲስ የምትመጡ ወንድሞችና እህቶች ይህን ካርድ በመጀመሪያው ሳምንት አውጡ።

በአንድ ነገር ግን ልቤን ማርከውታል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ የተሳፈርሁበት ፉርጎ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነበርን። «እስኪሞላ ይቆማል» ብዬ ተደላድዬ ስቀመጥ ደቂቃው ደረሰ፤ በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ባዶውን ሄደ። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ «አንድ ሰው የቀረው!» የሚለውን የወያላ ጥሪ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲሰማ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ መኪና ሰው ሲሞላ ይሄዳል፤ የእነርሱ ሰዓት ሲሞላ።

ዮርክ የተነሣሁትን ፎቶ ለቤተሰብ በላክሁ ማግስት አክስቴ ደወሉ። «ልጄ፣ የሄድከው ለትምህርት ነው ወይስ ለዙረት?» አሉኝ። ቃሉ ከነከነኝ። በቋንቋችን ቦታ ለማየት ብቻ ለሚሄድ ሰው የተከበረ ስም ፈልጌ አጣሁ። ዙረት ስድብ ነው። ሽርሽር የልጆችና የፍቅረኞች ነው። ጉዞ ስንል ቁልቢ ገብርኤል፣ ግሸን ማርያም፣ አክሱም ጽዮን ማለታችን ነው፤ የተሳለ ሰው ስለቱን ሊያገባ፣ ሌላውም በረከት ሊያገኝ የሚሄደው ነው። ለዚያ ጉዞ ደግሞ እናቶቻችን ከአውቶቡስ ወርደው አቀበቱን በእግራቸው ይወጣሉ፤ ስለዚህ መንገድ የማንወድ ሕዝብ ነን ማለት አይቻልም። ያለ ምክንያት መሄድን ነው የማንወድ። አክስቴም ክፉ አስበው አይደለም፤ እርሳቸው ቅዳሜን የሚያውቁት ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለማኅበር፣ ለዕድርና የታመመ ለመጠየቅ ነው። የእኛ ዕረፍት ቀን ወደ ሰው ይሄዳል፤ የእነርሱ ወደ ቦታ።

ይህንንም አቅልዬ አላየውም። አብሮኝ የሚኖረው እንግሊዛዊ ተማሪ አያቱ ሲሞቱ ቀብሩ የተያዘለት ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ነበር። በእነዚያ ቀናት ቤታችን መጥቶ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አላየሁም፤ ሻይ አፍልቼ አብሬው ያመሸሁ እኔ ነበርሁ። እርሱም ልቅሶ የተደረሰለት መሆኑን ሳያውቅ ደጋግሞ አመሰገነኝ። አባቴ ያረፉ ጊዜ ድንኳናችን ስንት ቀን እንደቆመና ስንት ሰው መሬት ላይ እንዳደረ ሳስታውስ፣ የእኛ ቅዳሜ የት ይሄድ እንደነበር ገባኝ። ያም ሆኖ ግን የባዟ አረጋዊት ጥያቄ መልስ አያገኝም። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜዬ ሁሉ ለቅሶ ቤት አላለፈም፤ እውነቱን ከተናገርሁ አብዛኛው ያለፈው ኳስ ቤት ነው።

የምኖረው ሄዲንግሊ በሚባለው የተማሪዎች ሰፈር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው፣ ኦትሊ ረን በሚሉት ልማድ፣ ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት በመንገዳችን ላይ ይተማሉ። እኔም እንደ ማንም ተማሪ በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ በመቅደላ ጦርነት ማግስት በልጅነቱ ወደዚህ አገር የተወሰደው፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1879 በ18 ዓመቱ ያረፈው በዚሁ በሄዲንግሊ ነው። ይህን ያወቅሁት ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ወር ከኖርሁ በኋላ ነው። ያን ዕለት ማታ ያንኑ መንገድ ብቻዬን ተጓዝሁ፤ ጭፈራውን እየሰማሁ፣ በዚያ ብርድ፣ ቋንቋውን የሚናገር አንድ ሰው አጠገቡ ሳይኖር ስለሞተው ልጅ እያሰብሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለንደን ድረስ በአውቶቡስ ወርጄ ወደ ዊንዘር ሄድሁ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠሩለትን የመታሰቢያ ጽሑፍ ፊት ለፊት ቆምሁ። «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚል የወንጌል ቃል ተጽፎበታል። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ከቤተሰቡ ወገን የቀረበው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 ተቀባይነት አላገኘም። ለአክስቴ ይህን በስልክ ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ቆይተው «አንተ ባትሄድለት ማን ይሄድለት ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዙረት የሚለውን ቃል ከአፋቸው አልሰማሁትም።

ከባዝ ስመለስ እሁድ ማታ ባቡሬ ተሰረዘ። እሁድ የሐዲድ ጥገና የሚበዛበት ቀን ስለሆነ ይህ ብርቅ አይደለም፤ እኛን ግን ከመንገድ መካከል ባለች ትንሽ ጣቢያ አውርደው በምትኩ አውቶቡስ ይመጣል ብለው አንድ ሰዓት ተኩል በብርድ አቆሙን። ለሁለት ሰዓት ቃል ሳይለዋወጡ የተጓዙ ሰዎች ያኔ ማውራት ጀመሩ፤ አንዷ ብስኩት አወጣች፤ አንዱ ሽማግሌ የት እንደነበርሁ ጠየቁኝ። ስለ ፌርፊልድ ሐውስ ስነግራቸው እናታቸው ልጅ ሆነው ንጉሡን መንገድ ላይ አይተዋቸው እንደነበር ያወሩ የነበረውን አጫወቱኝ። ስለ መዘግየቱ ቅጽ ሞልቼ የትኬቴ ገንዘብ ተመለሰልኝ፤ ለቆምሁበት ብርድ ግን ካሳው የሽማግሌው ጨዋታ ነበር።

በማግስቱ ስድስት ኪሎ ለምትማረው ታናሽ እህቴ ደወልሁ። ሙዚየሙን አይታው እንደሆነ ጠየቅኋት። አላየችውም። ለመግቢያው ገንዘብ እልክልሻለሁ፣ በዚህ ቅዳሜ ግቢና ያየሽውን ንገሪኝ አልኋት። ቅዳሜ ፈተና አለብኝ አለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የጓደኛዋ እህት ሰርግ ነበር፤ በሦስተኛው ገባች። ማታ ደውላ አልጋቸውን፣ መታጠቢያ ቤታቸውን፣ ፎቅ ላይ የተደረደሩትን የድሮ ሥዕሎችና መስቀሎች አንድ በአንድ ስትነግረኝ ስልኩ እስኪግል ድረስ አወራን። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ባዝ ያለውን ቤት ለማየት ከአንተ ዘንድ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ። ባቡር ለውጬ አራት ሰዓት ገደማ እንደፈጀብኝ ነገርኋት።

«እኔ ከዶርም ተነሥቼ ለመድረስ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ» አለችና ዝም አለች።